ያው ዘር ኮምቦልቻ በቅሎ ቦሩ ሜዳ ለምን ቀረ? የአንድ ችግኝ ማፍያ ጉዳይ

ቦሩ ሜዳ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ ወይም ሆስፒታሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የቃሪያ፣ የሽንኩርትና ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ዘር ነው። ከደሴ በስተሰሜን፣ ሜዳው ዳር፣ በኪራይ በያዙት ቁራሽ መሬት ላይ በማኅበር ችግኝ እያፈሉ የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ደንበኞቻቸው የአካባቢው ገበሬዎችና ጓሮ ያላቸው የደሴ ነዋሪዎች ናቸው። ኅዳር መገባደጃ ላይ ደውለው የጠሩኝ ምክር ፈልገው አልነበረም። ዘር ሻጩን ለመክሰስ ተዘጋጅተው ስለነበር፣ መደቡን አይቶ «አዎ፣ የተሸጠላችሁ የሞተ ዘር ነው» የሚልላቸው ባለሙያ ነበር የፈለጉት።

የቃሪያው መደብ ላይ ከአረም በቀር ምንም አልነበረም። ሽንኩርቱ እዚህና እዚያ ብቻ ብቅ ብሏል። ቀይ ስሩ ገና መውጣት መጀመሩ ነው። ፎሶሊያው አፈሩን ገለጥ ሲያደርጉለት ለሁለት ተከፍሎ፣ ላልቶ፣ ይሸታል። ለአጥርና ለከብት መኖ እንዲሸጥ በየላስቲኩ የተዘራው ትሪ ሉሰርን ደግሞ የበቀለው በጣት በሚቆጠሩ ላስቲኮች ላይ ነው። ጥቅል ጎመኑና ሰላጣው ግን እንደ ወትሮው ለምልመዋል፤ እነሱም የተገዙት ከዚያው ሻጭ ነው።

እንዴት እንደዘሩ ስጠይቅ ሊቀመንበሯ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ዘንድሮ እንደ ድሮው አልዘሩም። አንድ ቪዲዮ ላይ «ማንኛውም ዘር ከመዘራቱ በፊት 24 ሰዓት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከር» የሚል ምክር አይተው ነበር፤ ሁሉንም በየሳፋው አድርገው፣ እጅ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ሞልተው፣ ቀንና ሌሊት አቆዩት። ያልተነከሩት ጎመኑና ሰላጣው ብቻ ናቸው፤ የጎመኑ ዘር ሮዝ ቀለም የተቀባ ስለነበር ፈርተውት፣ ሰላጣው ደግሞ እንደ አቧራ ደቃቅ ሆኖ ከውሃው ለማውጣት ስላስቸገራቸው። ስለ ቀለሙ መፍራታቸው ልክ ነበር። ያ ቀለም ዘሩ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት መታሸቱን የሚያሳውቅ ምልክት ነው፤ ሲነከር መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ እጅም ይነካካል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ጥፋቱ የንከራው ነው፣ ያልተነከረው በቅሏል፣ የተነከረው ቀርቷል» ቢል አይፈረድበትም። ከሴቶቹም ግማሾቹ ወደዚያ አዘንብለው ነበር፤ ግማሾቹ ሻጩን፣ ግማሾቹ ቪዲዮውን። ሁለቱንም ያፈረሰው የአንዷ አባል እህት ናት። እህትየዋ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ ከዚያው ከቃሪያው እሽግ ግማሹን ወስዳ፣ ያንኑ ቪዲዮ አይታ፣ በዚያው መንገድ ነክራ፣ በዚያው ሳምንት ዘርታለች። የላከችው ፎቶ ላይ መደቡ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነው። ሽንኩርቱንም ተካፍላ ነበር፤ እሱ ግን እሷም ጋ እንደ ቦሩ ሜዳው ሳስቶ ቀርቷል። ለእኔ ከዚህ በላይ የተሟላ ሙከራ ማንም ሊያዘጋጅልኝ አይችልም ነበር። ዘሩ አንድ፣ ንከራው አንድ፣ ሳምንቱ አንድ፤ የተለየው ቦታው ብቻ ነው።

ዘር አልበቀለም ማለት ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ ሞቷል፣ ወይ በሕይወት እያለ ተኝቷል፣ ወይ ደግሞ እንቅልፍም ሳይኖርበት ያረፈበት ቦታ አልመቸውም። ከላይ ለሚያይ ሦስቱም አንድ ባዶ መደብ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የሞተውን ምንም ንከራ አያስነሳውም። የተኛው እንደ እንቅልፉ ዓይነት መቀስቀሻው ይለያያል። ቦታ ያልመቸው ደግሞ ዘሩ ሳይሆን ቦታው ነው መታከም ያለበት። ቪዲዮው የዘለለው ይህንን ጥያቄ ነው። ስለዚህ ክሱ ለጊዜው ቆሞ የብቅለት ፍተሻ እናድርግ ተባባልን።

ዓለም አቀፉ የዘር ፍተሻ ማኅበር ለላቦራቶሪ የሚያዘው 400 ፍሬ በመቶ በመቶ ተከፍሎ እንዲፈተሽ ነው። ለጓሮ ሥራ 100 ፍሬ ይበቃል። ከየእሽጉ ከተረፈው፣ ገና ውሃ ካልነካው ዘር፣ ሳይመረጥ ተቆጠረ፤ ትልልቁን እየለቀሙ መቁጠር ውጤቱን ያሳምራል እንጂ እውነቱን አይናገርም። ታጥቦ በፈላ ውሃ የተቀቀለ የአቡጀዲ ቁራጭ ረጥቦ እስኪጨመቅ ድረስ ተጠመዘዘ። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ በመስመር ተደርድረው፣ ጨርቁ ተጠቅልሎ፣ አፉ ገርበብ ባለ ፌስታል ውስጥ ገባ። አየር ያስፈልገዋልና ፌስታሉ ጥብቅ ተደርጎ አይታሰርም።

ይህን ሳደርግ ከአባላቱ በዕድሜ የሚበልጡት እናት ቆመው ያዩኝ ነበር። ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ይሄማ ብቅል አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ብቅል የሚያዘጋጅ ሰው ገብሱን ውሃ ውስጥ የሚያቆየው ሌሊቱን ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ያጠነፍፈዋል፣ በቅጠል ሸፍኖ ሞቅ ካለ ቦታ ያስቀምጠዋል፣ እየገለጠ እርጥበቱን ያያል። እርስዎ ገብሱን አንድ ቀን ከሌሊት ከነውሃው ይተዉታል ወይ ብላቸው ሳቁ። «ይሸታላ! ብቅል ሳይሆን ቅራሪ ነው የሚሆነው!» ታዲያ ፎሶሊያውን ለምን ተዉት? «ስልኩ አለ፣ ልጆቹም አሉ፣ እኔ ማን ነኝ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ጨርቆቹን የመጠበቁ ሥራ የእሳቸው ሆነ። ማዕድ ቤታቸው፣ ከምድጃው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ባለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጧቸው።

ሽንኩርቱ በ6ኛው ቀን ሲቆጠር ጥቂት ነበር፣ በ12ኛውም ብዙ አልተጨመረበትም፤ አብዛኛው ላልቶ ሻገተ። የሽንኩርት የፍተሻ ዕድሜ 12 ቀን ነውና ከዚያ በኋላ መጠበቅ ተስፋ ማድረግ ብቻ ነው። ቃሪያው በ7ኛው ቀን ነጫጭ ሥሮቹን ማሳየት ጀመረ፤ ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ያልበቀለው ጥቂቱ ነበር። ቀይ ስሩም ደህና ወጣ። ፎሶሊያው፣ ያ መደብ ላይ የበሰበሰው ዘር፣ ከሁሉ ቀድሞ ነው ያጎነቆለው። ትሪ ሉሰርኑ ግን እንደገባ ወጣ። ጨርቁ ሲገለጥ ፍሬዎቹ እንደ መጀመሪያው ቀን ጥቁር፣ የሚያብለጨልጩና ደረቅ ነበሩ፤ አላበጡም፣ አልሻገቱም።

ሻጩ የሚከሰስበት እንግዲህ ሽንኩርቱ ብቻ ነበር። የሽንኩርት ዘር ከአትክልት ዘሮች ሁሉ ዕድሜው አጭር ከሚባሉት ነው፤ ሞቃትና እርጥብ ቦታ ከከረመ በዓመት ውስጥ ያልቃል። በዘር አቀማመጥ ላይ የታወቀ አንድ ስሌት አለ፤ የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። ሴቶቹ ሽንኩርቱን የገዙት ከታሸገ ቆርቆሮ ሳይሆን ከተከፈተ ከረጢት በሲኒ እየተሰፈረ ነው። ሱቁ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከረጢቱ ክረምቱን ያሳለፈ። ጨርቁን ይዘው ሄደው አሳዩት፤ ከብዙ ክርክር በኋላ የሽንኩርቱን ገንዘብ መለሰ፣ የቃሪያውን አልመለሰም። በእኔ ግምት ትክክል ነው የፈረደው። አሁን ሽንኩርት ሲገዙ በቅድሚያ ትንሽ ወስደው ፈትሸው ነው ቀሪውን የሚገዙት፣ የሚፈትሹትም ሁለት ሳምንት ቀድመው ነው። ለእኔ ከንከራው ሁሉ የሚበልጠው የቅድመ ዘር ዝግጅት ይህ ነው።

ወደ ቃሪያው ልመለስ፤ ብዙ ጊዜ የወሰደብን እሱ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ፤ በቁመት ግን ልዩነታቸው 650 ሜትር ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ብናስብ አራት ዲግሪ ገደማ ነው። ለሰው አራት ዲግሪ አንድ ጋቢ ነው። ለቃሪያ ዘር ግን መብቀልና አለመብቀል ነው። ቃሪያ አፈሩ 25 ዲግሪ ሲሆን በ8 ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ በ20 ዲግሪ 12 ወይም 13 ቀን ይፈልጋል፤ በ15 ዲግሪ 25 ቀን። 10 ዲግሪ ላይ ጨርሶ አይወጣም። የቦሩ ሜዳ መደብ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ውርጩን ያየ ያውቃል፤ ቀን ፀሐይ ቢያሞቀውም ሌሊቱ መልሶ ይወስደዋል። እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ወር የከረመ ዘር ደግሞ ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ፈንገስ ይቀድመዋል። ስለዚህ የቃሪያው ዘር አልሞተም፣ እንቅልፍም አልነበረበትም። በርዶት ነው።

እዚህ ላይ ንከራ የሚረዳውንና የማይረዳውን መለየት ያስፈልጋል። ዘር ውሃ ሲያገኝ በመጀመሪያ በፍጥነት ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ መጠጣቱን ገታ ያደርግና ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጥ ውስጡን ይሠራል፤ በክምችት የተጎዳውን ይጠግናል፣ ስንቁን ይፈታል። በመጨረሻ ሥሩ ቅርፊቱን ቀዶ ይወጣል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለ ዘር ከውሃው ወጥቶ ጥላ ላይ ቢደርቅ አይሞትም፤ ኋላ አፈር ውስጥ ሲገባ የጀመረውን ይቀጥላል፣ ካልተነከረው ቀድሞም ይወጣል። ሥሩ ከወጣ በኋላ ግን ቢደርቅ አለቀለት። ለቃሪያ ይህ አሠራር ጥቂት ቀናት ያተርፋል፣ የሚወጣውንም እኩል ያደርገዋል። ያልነበረ ሙቀት ግን አይፈጥርለትም። ነክሮ ቀዝቃዛ አፈር ላይ መጣል ቁርስ አብልቶ ወደ ውርጭ እንደመላክ ነው።

ሴቶቹ ሁለት ነገር ሞከሩ። የመጀመሪያው የእናትየው ዘዴ ነው፤ ቃሪያውን ሌሊቱን ነክሮ፣ አጠንፍፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ማዕድ ቤት ማጎንቆል፣ ነጩ ነጥብ ሲታይም ሥሩ ሳይረዝም እየለቀሙ በላስቲክ ላይ መዝራት። ሠርቷል። አንድ ጊዜ ግን ከልጆቹ አንዷ ነገሩን ለማፋጠን ጨርቁን ገና እንጀራ ተጋግሮበት የወረደ ምጣድ ላይ አሳደረችው፤ ጠዋት ሲገለጥ ፍሬው በስሏል። እናትየው የተቆጡትን ቁጣ እዚህ አልጽፈውም። የሚፈለገው ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ዓይነት ሙቀት ነው፤ እጅ አስገብተው ደስ የሚል እንጂ የሚፋጅ መሆን የለበትም።

የጎነቆለው ዘር ግን ላስቲኩ ውስጥ ከገባ በኋላም ያው ብርድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ነገር የፋንድያ መደብ ሆነ። ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ፣ ትኩስ የፈረስና የበቅሎ ፋንድያ ከጭድ ጋር ተደባልቆ፣ ውሃ ተርከፍክፎበት ተረገጠ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን በራሱ ያፈላል፤ በዚህ ጊዜ ምንም አይዘራበትም፣ ሙቀቱ ዘር ይቀቅላል። እንጨት ሰክቶ ጥቂት ቆይቶ አውጥቶ በእጅ መጨበጥ ነው መለኪያው፤ ካቃጠለ ገና ነው፣ ለዘብ ብሎ ከሞቀ ደርሷል። ያኔ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ይለብስና ላስቲኮቹ ይደረደሩበታል። ከላይ በቀርከሃ ቅስት ላይ ነጭ ላስቲክ ይዘረጋል፣ ማታ በጆንያ ይሸፈናል፣ ረፋድ ላይ ይገለጣል። ፋንድያው ለሳምንታት ይሞቃል፤ ቃሪያውም ወጣ። ላስቲኩን ሳይገልጡ የዋሉበት ፀሐያማ ቀን ግን ቡቃያውን ጠውልጎ አገኙት፤ በደጋ ፀሐይ ላስቲክ ሥር ያለው ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሌላ አገር ነው።

ትሪ ሉሰርኑ የቃሪያው ተቃራኒ ነው። ብርዱን ይወዳል፣ ለደጋ የተፈጠረ ነው፤ ችግሩ የራሱ ቅርፊት ነው። እንደ ግራርና እንደ ሉኬና ሁሉ የቅርፊቱ ውጫዊ ሽፋን ውሃ አያስገባም። በተፈጥሮው ለዓመታት አፈር ውስጥ ቆይቶ ጥቂት በጥቂት እንዲበቅል የተበጀ ነው፤ ይህ ለዛፉ ብልሃት ነው፣ ለችግኝ ሻጭ ኪሳራ። ለብ ባለ ውሃ 24 ሰዓት ቀርቶ ሳምንት ቢነከር ውሃው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቪዲዮው ሙቅ ውሃ ማለቱ ለዚህ ዘር ልክ ሊሆን ይችል ነበር፤ ግን እጅ የሚችለው ሙቅ ለዚህ ምንም አይደለም።

እነሱ ፊት ያደረግነው ይህ ነው። ድስት ሙሉ ውሃ ተፈላ። ዘሩ የሸክላ ጎድጓዳ ውስጥ ሆኖ፣ ውሃው ከእሳት እንደወረደ፣ ገና እየተንከተከተ፣ የዘሩን መጠን ብዙ እጥፍ የሚሆን ተደፋበት። ከዚያ እዚያው እየቀዘቀዘ አደረ፤ እሳት ላይ ተጥዶ መቀቀል የለበትም። ጠዋት ሲታይ ጎድጓዳው ውስጥ ሁለት ዓይነት ዘር ነበር። አንደኛው አብጦ በእጥፍ ያህል ተልቋል፣ ብልጭታው ጠፍቶ ደብዝዟል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይለዝባል። ሌላው እንደ ትላንቱ ትንሽ፣ ጥቁርና አብለጭላጭ ነው። ያበጠው ተለቅሞ በዚያው ቀን ተዘራ፤ ያላበጠው ተመልሶ የፈላ ውሃ ተደፋበት። አንዲት ባልደረባቸው ዘሩ እንዳይቃጠል ፈርታ «ወላሂ እኔ አላየውም» ብላ ፊቷን አዙራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ሲወጡ ቀድማ ያየችው ግን እሷ ናት።

ዘሩ ጥቂት ከሆነ የፈላ ውሃም አያስፈልግም፤ ፍሬ በፍሬ በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ጫር ማድረግ፣ ወይም በሁለት የብርጭቆ ወረቀት መሐል ማሸት ይበቃል። ጽንሱ ያለበትን፣ ዘሩ ከቆባው ጋር ተያይዞበት የነበረውን የጠባሳ ወገን አለመንካት ነው። ኮምቦልቻና ከዚያ ወደ ታች ሰስባኒያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ለሚያፈሉም ያው መንገድ ይሠራል፣ ባሚያ ለሚዘሩም የቅርፊቱ ጥንካሬ ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ለባሚያ ግን የፈላ ውሃ አልመክርም፣ መጫሩ ወይም ሌሊት መንከሩ ይሻላል።

በነገራችን ላይ ከሴቶቹ አንዷ የቃሪያ ዘሯን የምታኖረው ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ውስጥ ሰቅላ ነው፤ ጭስ ያየ ዘር ይፈጥናል ትላለች። ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ከቃጠሎ ጭስ ውስጥ ዘር የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር በ2004 እ.ኤ.አ. ተለይቷል፤ ኋላ የዚህ ቤተሰብ ንጥረ ነገሮች ካሪኪን ተብለዋል። ይበልጥ የሚጠቀሙበት ግን ከሰደድ እሳት በኋላ መብቀል የለመዱ ዕፅዋት ናቸው። ለእሷ ቃሪያ ዋናው ጥቅም ጭሱ ዘሩን ማድረቁና ነቀዝ ማራቁ ይመስለኛል፤ በጣም ለእሳቱ ካልቀረበ ትቀጥልበት አልኳት።

ቀይ ስርና ቆስጣ ብዙ አያነጋግሩም። አንድ ዘር የሚመስለው ፍሬያቸው በእውነቱ የደረቀ ጎጆ ነው፤ ውስጡ ሁለትም ሦስትም ዘር አለ፣ ቡሽ መሰሉ ሽፋን ደግሞ መብቀልን የሚገታ ነገር ይዟል። የሚያስፈልገው ማጠብ ነው። ሴቶቹ ነክረውት ነበር፤ ግን ውሃውን ሳይቀይሩ ሙሉ ቀን በመተዋቸው የሚገታው ነገር ከፍሬው ወጥቶ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀረ። አሁን ሁለት ሦስት ሰዓት እየነከሩ፣ እንደ ሻይ የቀላውን ውሃ እየደፉ፣ ንጹሕ እስኪሆን ያጥቡታል። ከአንዱ ፍሬ ብዙ ቡቃያ ስለሚወጣ ማሳሳት የግድ ነው።

ፎሶሊያውን ምን እንደገደለው እናትየው በብቅሉ ነግረውናል። ትልቅ ጥራጥሬ ነው፣ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ውሃ በፍጥነት ይጠጣል። ደረቅ ሆኖ ሳለ በአንድ ጊዜ ውሃ ሲጥለቀለቅ የውስጡ ሥጋ ይሰነጠቃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል፣ የቦሩ ሜዳ ለብ ያለ ውሃ ደግሞ ማታውን በረዶ ነው። ከዚያ አየር ያጥረውና ይታፈናል፤ በማግሥቱ ውሃው አረፋ ሲያወጣ ሥራው አልቋል። ፎሶሊያ፣ አተርና ባቄላ ጨርሶ ባይነከሩ ምንም አይቀርባቸውም፤ እርጥብ አፈር ራሱ ይበቃቸዋል። መንከር ያማረው ሰው በእርጥብ ጨርቅ መሐል ለጥቂት ሰዓት ያቆየው።

በልጉ ሲቃረብ ሌላ ጥያቄ መጣ። ወሎ ደጋ ላይ የካቲትና መጋቢት የሚጥለው ዝናብ እንደ ክረምቱ አይታመንም፤ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። የችግኝ ደንበኞቻቸው የሆኑ ገበሬዎች «እናንተ ዘር እየነከራችሁ ታበቅላላችሁ አሉ፣ እኛስ ካሮቱንና ገብሱን እንንከር?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሊቀመንበሯ ጥያቄውን ወደ እኔ አስተላለፈችው።

ሌሊቱን ነክሮ፣ ጠዋት ጥላ ላይ አሰጥቶ፣ በእጅ ሲበተን እስከማይጣበቅ ካደረቁ በኋላ በዚያው ቀን መዝራት በብዙ ሞቃትና ደረቅ አገር በማሽላ፣ በበቆሎና በሽምብራ ተፈትኗል፤ ቡቃያው ቀድሞና እኩል ስለሚወጣ አጭር ዝናብ የሚጠቀምበት ጊዜ ያገኛል። በልግ ላይ የሚታሰበው ጥቅም ይህ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ያልተነከረ ዘር ደረቅ አፈር ውስጥ ተጥሎ ዝናብ እስኪመጣ ሊጠብቅ ይችላል። የተነከረው ግን ጉዞ ጀምሯል፤ ሥሩ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ዝናብ ከዘገየ መመለሻ የለውም። ስለዚህ የነገርኳቸው ይህ ነው፤ አፈሩ ጣት ጠልቆ እርጥብ ከሆነ ይንከሩ፣ ሰማዩን ተማምነው ደረቅ ላይ የሚዘሩ ከሆነ አይንከሩ። ሙሉ ማሳም አይንከሩ፣ ከፊሉን ብቻ። ካሮት የሚዘራ መስኖ ካለው ይንከር፤ ካሮት ዘገምተኛ ነው፣ በ20 ዲግሪ ሳምንት፣ በ10 ዲግሪ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስድበታል፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የላዩ አፈር መድረቅ የለበትም። ስስ ጉዝጓዝ ከንከራው ይበልጥ ያግዘዋል። የነከሩትን የካሮት ዘር ከደረቅ አሸዋ ጋር አሽተው ቢዘሩት ደግሞ አይጓጉልም።

ስለ ቃሪያው የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። የፋንድያው መደብ ይሠራል፤ ግን ፋንድያ መሸከም፣ መቆፈር፣ ላስቲክ መግዛት፣ ማታ መሸፈን፣ ጠዋት መግለጥ አለው። ይህን ሁሉ ድካም ለኮምቦልቻዋ እህት ፀሐይ በነፃ ትሠራላታለች። ስለዚህ ከብዙ ንግግር በኋላ ቃሪያው እዚያ እንዲፈላ፣ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ በካርቶን ተደርድሮ በሚኒባስ በደሴ በኩል እንዲመጣ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጥላ ሥር ጥቂት ቀን ብርዱን ለምዶ እንዲሸጥ ተስማሙ። እህትየዋ ከሽያጩ ድርሻ ታገኛለች። የፋንድያው መደብ ለቲማቲም ቀረ።

እኔ እንደውም ቃሪያውን ከነጭራሹ ተዉት ባይ ነበርኩ። በዚህ ከፍታ፣ ሜዳ ላይ፣ ችግኙ ቢጸድቅ እንኳ ውርጭ ያገኘዋል፣ ካላገኘውም የሚይዘው ፍሬ ጥቂት ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ባለው በጢጣ አካባቢና ከዚያ ወደ ታች ላለ ሰው ሲሆን ሌላ ነው። ሊቀመንበሯ አልተቀበለችኝም። «ሰው ቃሪያ ብሎ መጥቶ የለም ብዬ ስመልሰው ጎመኑንም ከሌላ ይገዛል» አለችኝ። ለጊዜው ቃሪያው ከኮምቦልቻ እየመጣ ይሸጣል፤ ለገዢው ደግሞ ሜዳ ላይ ሳይሆን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ እንዲተክለው ይነገረዋል።